የታጠበው ብረት

በያጁን ሞቶ ያገኘችው ሚስቱ ናት። ያን ሌሊት አማቷ ክፍል ነበር ያደረችው። አሮጊቷ በእንቅልፍ ልባቸው ከአልጋ እየወደቁ ስላስቸገሩ ባልና ሚስት ተራ ገብተው ይጠብቋቸዋል። ጠዋት ባሏን ልትቀሰቅስ ገብታ ትከሻውን ስትነካው ቀዝቅዟል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ትራሱ ላይ ሮዝ የመሰለ አረፋ ደርቋል፤ አንድ እጁ የሸሚዙን አንገት እንደጨበጠ ቀርቷል።

ፖሊስ ሲደርስ ግቢው በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። ሟቹን ሠፈሩ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ዕድሜውን ከብየዳ እሳት ጋር ስለፈጀ «ብልጭታ» ነበር የሚሉት። ጉዳዩ የተመራላት ኢንስፔክተር ብዙ የማትናገር፣ ጠይቃ መልሱ እስኪያልቅ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። አንድ ልማድ አላት፤ ሰው ሲዋሻት ግራ ጆሮዋን ታካለች። አብሯት የሚሠራው ሳጅን «እሷ ጆሮዋን ካከከች ጠበቃ መፈለግ ነው» እያለ ይቀልድባታል።

ሚስትየዋን ማድ ቤት ወስዳ አስቀመጠቻት።

«ትናንት ማታ እንዴት ነበር?»

«ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል። ትናንት ከሥራ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ደረቴን ጨመደደኝ አለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው፣ ለጉንፋን ደግሞ ሐኪም ቤት ብሎ ሳቀብኝ።»

«ምን በላ?»

«እህል አልወስድ አለው። ወተት አፍልቼ በማር ሰጠሁት። እሱን ጠጥቶ ተኛ።»

«ብርጭቆው የት አለ?»

«አጥቤዋለሁ። ዕቃ ሳይታጠብ ሲያድር አልወድም።»

ሳጅኑ «ብርጭቆ ታጥቧል» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ኢንስፔክተሯ ጆሮዋን አልነካችም።

«የተጣላው ሰው ነበር?»

ሴትየዋ ወደ አማቷ ክፍል አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወንድሙ አለ። ታናሹ። ከሱቁ ጎን ጋራዥ ያለው መካኒክ። አባታቸው ሲሞት እሱ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዶ ነበር። ብልጭታ ሳይጠብቀው አስቀበረ። አባቴን እንዳልሰናበት ያደረግኸኝ አንተ ነህ ብሎት ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነጋገሩም። ጎን ለጎን እየሠሩ።» አፍንጫዋን በመቀነቷ ጠረገች። «ትናንት ሊተኛ ሲል የተናገረውም ስለሱ ነው። ነገ ጠዋት ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፣ ይሄ ነገር ይብቃ አለኝ። ደግሞ ልትጣሉ ነው ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።»

አሮጊቷ ጓዳ ውስጥ ዝቅ ያለ ፍራሽ ላይ ተጋድመው ነበር። አላለቀሱም፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻቸው።

«ልጄን ሰው አልገደለውም» አሉ አሮጊቷ። «ማንም ክፉ አልዋለበትም።»

እናት ሁሉ እንዲህ ይላል፣ ብላ አሰበች ኢንስፔክተሯ፤ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

የብልጭታ ሱቅ ከአባቱ የወረሰው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ነበር። ወለሉ መሃል ያላለቀ የብረት አልጋ ቆሟል። ከወትሮው አልጋ ይለያል፤ ቁመቱ አጭር ሆኖ ግራና ቀኙ እንደ አጥር የሚነሳ መከለያ ተጀምሮለታል። የተረፉት ቧንቧዎች ግድግዳው ሥር ከረጅሙ እስከ አጭሩ በሥርዓት ተደርድረዋል። ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀሉ መሆናቸው ያስታውቃል። ማዕዘን ላይ የተቆለለው ሌላው ቁርጥራጭ በግሪስና በአቧራ ጠቁሮ እነዚህ ግን ያብለጨልጫሉ።

«ትናንት እዚህ ሻይ የጠጣበትን ኩባያ ወደ ላቦራቶሪ ልኬዋለሁ» አለ ሳጅኑ። «መርዝ ከሆነ ይገኛል።»

የአካባቢው ዘበኛ አዛውንት በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። የሚናገሩት ነገር ያላቸው ሰው አቋቋም ነው የቆሙት።

«ከትናንት ወዲያ አልልሽም፣ ትናንት ነው ልጄ። ጎህ ሲቀድ። ታናሽየው ከዚህ በር ሲወጣ አይቼዋለሁ። ብብቱ ሥር ቆርቆሮ ይዟል። ግራና ቀኝ አየና ጋራዡ ገባ።»

«አባባ፣ እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?»

«የኔ ዓይን ቅርብ ነው የማያይ። እሱ ደግሞ ሩቅ ነበር።»

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። ኢንስፔክተሯ ቀጠለች። «ቁልፉን ከየት አመጣ?»

«አባታቸው ለሁለቱም አንድ አንድ ሰጥተዋቸው ነበር። ከተጣሉ በኋላ ብልጭታን ቁልፉን ለውጥ ብለው፣ ምን ሆነ፣ ይሠራል እኮ ይለኛል።»

«ትናንት ሲሠራ አዩት?»

«በሩን ዘግቶ ነው የዋለው። ዝናቡ አለ፣ ጉንፋኑ አለ። ከሰዓት ወጥቶ እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያስል ነበር። ሳሉ ቆይቶ ተወውና ተመልሶ ገባ። ማታ ሲሄድ ደህና እደሩ ብሎኛል።» አዛውንቱ ቆባቸውን አውልቀው ያዙ። «ሲሄድ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። ይሄ ነው የገረመኝ።»

ታናሽየውን አንድ መኪና ሥር ተንጋሎ ሲሠራ አገኙት። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ነበርና ማንም ገና አልነገረውም። ኢንስፔክተሯ ይህን ስታውቅ መርዶውን ለጊዜው ያዘችው።

«ትናንት ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ምነው?»

«ወንድምህ ሱቅ አልገባህም?»

«እኔ?» ከመኪናው ሥር ወጥቶ ተቀመጠ። «እዚያ ቤት ከረገጥኩ ዓመት አልፎኛል።»

ግራ ጆሮዋን አከከች። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ወንድምህ ዛሬ ሞቶ ተገኝቷል» አለችው።

መካኒኩ መጀመሪያ ያልሰማ መሰለ። ከዚያ ጨርቅ አነሳና እጁን መጥረግ ጀመረ፤ አንዷን ጣት ብቻ ደጋግሞ፣ ቆዳዋ እስኪቀላ። «እናቴ ሰምታለች?» አለ።

«ሰምተዋል። ሱቁ ገብተህ ነበር?»

«አልገባሁም አልኩ እኮ።»

ጋራዡ ሲፈተሽ መደርደሪያ ላይ ባዶ የፍሬን ማጽጃ ቆርቆሮ ተገኘ። ዘበኛው አይተው «እሱ ነው፣ እሱን የመሰለ ነው» አሉ። ታናሽየውን ይዘው ሲወጡ መንገድ ዳር የቆመ ሰው መሬት ላይ ምራቁን ተፋ። የእናት ልጅ እንዲህ ይጨክናል፣ አለች አንዲት ሴት፣ እንዲሰማ አድርጋ።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አለ ሳጅኑ መኪና ውስጥ። «ገብቷል፤ መግባቱን ክዷል፤ ቂም አለው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ሻዩ ላይ ጨመረበት።»

«ፍሬን ማጽጃ ያለበት ሻይ አንተ ሳታውቀው ትጠጣለህ?»

ሳጅኑ ደብተሩን ዘጋ።

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም የኢንስፔክተሯ የቆየ ወዳጅ ነበር። ቢሮው ስትገባ እጁን ታጥቦ እያደረቀ ነበር።

«ሆዱ ውስጥ ወተት ብቻ ነው ያለው፤ ንጹሕ ወተት። ኩባያውም ላይ ምንም የለም። መርዝ አጠጣችው የተባለችውን ሴት ይቅርታ ጠይቁልኝ።»

«ታዲያ ምን ገደለው?»

«ሳንባው ውኃ ጠግቧል። ይህ ሰው ደረቅ አልጋ ላይ ተኝቶ ነው የሰጠመው።» ወንበር ሳበላት። «ምን ጠጣ ብለሽ አትጠይቂኝ። ምን ተነፈሰ በይ።»

ከዚያ ወጥታ መኪናው ውስጥ ሞተር ሳታስነሳ ብዙ ተቀመጠች። ዓይኗ ላይ ያ የሚያብለጨልጭ ብረት መጣባት። በዚያ ሁሉ ጥቀርሻ መሃል የታጠበው ለምንድን ነው? ማንስ ነው ያጠበው?

የተረፉትን ቧንቧዎችና ቆርቆሮውን ይዘው የፖሊስ ላቦራቶሪ ሄዱ። ኬሚስቷ ወጣት፣ ፈጣን አንደበት ያላት ሴት ነበረች። የቆርቆሮውን ጀርባ በማጉያ መነጽር ካየች በኋላ አንዱን ቧንቧ አነሳች። አንዱ ጫፉ ድፍን ነው። ዘቅዝቃ ስታራግፈው ከውስጡ ጥቂት ፈሳሽ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ሳጅኑ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ውጩ ደርቋል» አለች ኬሚስቷ። «ውስጡ ግን አልደረቀም፤ ግርጌው ድፍን ስለሆነ ተጠራቅሞ ቀርቷል። ይሄ ክሎሪን ያለው ማጽጃ ነው። አየር ባለበት ቦታ ፍሬን ቢያጸዱበት ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። የብየዳ እሳትና ብርሃን ሲያገኘው ግን ይፈርስና ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድሮ በጦርነት ሰው የፈጁበት ጋዝ ነው።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልወደቀም?»

«ተንኮሉ እሱ ላይ ነው። ሲተነፍሱት ትንሽ ያስላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ከዚያ ይተዋል። ሰውዬው ተሻለኝ ብሎ ቤቱ ይገባል። ሳንባው ግን ውስጥ ውስጡን ተጎድቷል፤ ሰዓታት ቆይቶ ውኃ መሙላት ይጀምራል። ሐኪም ቤት ቢደርስ እንኳ ማትረፉ ቀላል አይደለም።»

«አይሸትም?»

«የሻገተ ድርቆሽ ይሸታል ይላሉ። አፍንጫው ደህና የሆነ ሰው ምናልባት ይነቃ ነበር።»

ሳጅኑ «ጉንፋን» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ አለቃው ዞረ። «ይህንን አውቆ ያደረገው ከሆነ ሰይጣን ነው።»

«አውቆ ከሆነ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ታናሽየውን አስጠርታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሳጅኑን በር ላይ አቆመችው። መካኒኩ ከተያዘ ወዲህ ፊቱ ከስቷል፤ የቀረበለትን ምግብ አልነካም።

«ገብተህ ነበር ወይ ብዬ አልጠይቅህም» አለችው። «ብረቱን ለምን አጠብከው?»

ቀና ብሎ አያት። ትከሻው ወረደ።

«ወንድሜ ቤት በሌለበት ሰዓት እናቴን እየሄድኩ አያታለሁ» አለ። «ባለፈው ስሄድ ግንባሯ አብጧል። ከአልጋ ወድቃ ነው። ወንድምህ የማልወድቅበት አልጋ ሊሠራልኝ ነው፣ ብረት አግኝቷል፣ ግሪሱ ግን አልለቅ ብሎ አስቸገረው አለችኝ። እኔ ደግሞ ግሪስ ማስለቀቅ ነው ሥራዬ። እሱ ሳይመጣ ገብቼ አጠብኩለት። ውስጡንም ውጩንም። ውስጡ ግሪስ ካለ ብየዳው አይዝም ሲል እሰማው ነበር፤ እኔ ብየዳ አላውቅም።»

«ለእናትህ ብለህ ነው።»

«ለእናቴ ብዬ ነው ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር።» ጠረጴዛው ላይ እጁን ዘረጋ፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት አልለቀቀም። «ለእሱ ነው። አፍ አውጥቼ ይቅር በለኝ ማለት ከብዶኝ ነው። ብረቶቹን በቁመታቸው ደርድሬ ተውኳቸው። አባታችን ልጆች ሳለን እንደዚያ ነበር የሚያስደረድረን። ሲያየው ማን እንደሆነ ያውቃል ብዬ።»

«ታዲያ ለምን ካድከኝ?»

«መጀመሪያ ሲጠይቁኝ መሞቱን አላወቅኩም። ዘበኛው አይቶኝ ለሰው ያወራ መሰለኝ። ቀድሞ ተለማመጠ እንዳይሉኝ አፍሬ አልገባሁም አልኩ። ሞተ ሲሉኝ ደግሞ ምላሴን መመለስ አቃተኝ።»

ኢንስፔክተሯ እጇ ጭኗ ላይ እንዳለ ቀረ። ጆሮዋን አላከከችም።

«እንግዲህ ያለኝ ይኸው ነው» አለ መካኒኩ። «አሁን ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ። ወንድሜን ማን ነው የገደለው?»

በዚህ ሥራ ስትኖር ብዙ ነፍሰ ገዳይ ፊቷ ተቀምጧል። አንዳንዱ ክዷል፣ አንዳንዱ አልቅሷል፣ ፎክሮ የተናዘዘም ነበር። የገደለውን የማያውቅ ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም። ሳጅኑን አየችው፤ እሱም ወለሉን አየ።

በቀስታ ነገረችው። ስለ ፈሳሹ፣ ስለ ድፍኑ ጫፍ፣ ስለ ተዘጋው በር፣ ስለ ጉንፋኑ። አንዲትም ቃል አላስጌጠችም። እሱ እንደ ተማሪ ጸጥ ብሎ ሰማት።

«ባላጥበው ኖሮስ?» አለ በመጨረሻ።

ጥፍሮቹን አየች። እሱ ራሱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ይኖር ነበር» አለ። «ግሪሱን በሽቦ ቡሩሽ ሲፈገፍግ ውሎ፣ ሲሳደብ ውሎ፣ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር።»

«አላወቅክም። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ያውም እንደ ጉንዳን በደቀቀ ፊደል። ነገ አለቃዬን አነጋግሬ ትለቀቃለህ።»

«አይልቀቁኝ።»

«ወንጀለኛ አይደለህም እኮ።»

«ምንም ልባል። እዚህ ይሻለኛል። ከዚህ ከወጣሁ እናቴ ጋ ነው የምሄደው፤ ምን ብዬ ነው የምገባው?»

በማግስቱ ሳጅኑ ያለማንም ትእዛዝ የአካባቢውን ጋራዥና ብየዳ ቤት እየዞረ ሲናገር ዋለ፤ በማጽጃ የታጠበ ብረት እሳት አታስነኩ፣ አስነክታችሁ ያሳላችሁ እንደሆነ ተሻለኝ ብላችሁ ቤት አትግቡ እያለ። አንዳንዱ ሰማው፤ አንዳንዱ እኛ ስንት ዓመት ሠርተንበት አለ። ኢንስፔክተሯ ደግሞ ሚስትየዋ ጋ ሄደች።

ሁሉን ሰምታ ስትጨርስ ሴትየዋ በሩ ላይ ተደገፈች። ታናሽየውን ስትራገም ነበር የሰነበተችው፤ ከለቅሶተኛው ጋር ሆና።

«ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ ያልሽኝ…» አለች ኢንስፔክተሯ። «ተቆጥቶ ነበር?»

ሴትየዋ አሰበች።

«አልነበረም። እኔ ነኝ ቁጣ ያደረግኩት። ይቅበጠበጥ ነበር፤ እንደ ዓመት በዓል ልጅ። ሸሚዜን ተኩሽልኝ ብሎኛል እኮ። ወንድሙ ጋ ለሚሄድበት።» ወንበር ላይ ተቀመጠች። «አውቆት ነበር ማለት ነው። ብረቱን አይቶ አውቆት ነበር።»

መካኒኩ ሲለቀቅ ኢንስፔክተሯ በራሷ መኪና ወሰደችው። መንገድ ላይ ስለ ሸሚዙ ነገረችው። መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ወደ ውጭ አወጣ፤ እስኪደርሱ አልመለሰውም። ደጃፉ ላይ ወርዶ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ሚስትየዋ ከውስጥ ወጣች። ተያዩ። ምንም ሳትለው ክንዱን ይዛ አስገባችው፤ ጓዳው በር ድረስ አድርሳው ቆመች።

አሮጊቷ ባሉበት ነበሩ። እሱ ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ፤ ሌላ ሰው እንዲናገርለት አልፈለገም። ኢንስፔክተሯ አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት።

«እማዬ፣ ብረቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያጠብኩበት ነገር መርዝ ኖሯል። እሳት ሲነካው ወንድሜን የገደለው እሱ ነው። አላወቅኩም። ግን እኔ ነኝ። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከጣሪያው አነሱ። ዞረው ልጃቸውን ለማየት ጊዜ ወሰደባቸው። ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ኢንስፔክተሯ እርግማን ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ ለቅሶም፣ ራስ መሳትም ጠበቀች።

አሮጊቷ ቀጭን እጃቸውን አውጥተው የልጃቸውን ሸሚዝ ዳሰሱ፤ መዳፋቸውን ደረቱ ላይ ጠፍጠፍ አድርገው አስቀመጡ፣ ትንፋሹን የሚሰሙ ይመስል።

«አንተስ?» አሉት። «ስታጥበው አንተ አልተነፈስከውም? ደረትህን አያምህም?»

መካኒኩ መዳፋቸውን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ተናገር እንጂ ልጄ። ያምሃል?»

«አያመኝም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ቅረበኝ» አሉት።